ከአማቴ ጋር በአንድ ካምፐር

ባሌ በረሃውን መጀመሪያ ያሳየኝ በስልኩ ነው። ቅዳሜ ምሳ በልተን፣ ሳህኖቹን ገና ሳላነሳ፣ ስልኩን የውሃው ጆግ ላይ አስደግፎ አቆመና "እስቲ እዪው" አለኝ። ዛፍ የሚባል ነገር የሌለበት፣ ጎርፍ ቦርቡሮ የተወው ቢጫ ኮረብታ ብቻ የሞላበት አገር ነው። ደቡብ ስፔን ውስጥ ያለ የበረሃ ፓርክ መሆኑን ነገረኝ። ፓርኩ ዳር የካምፒንግ ቦታ አለ። ካምፐር እንከራያለን፤ አልጋውም፣ ምድጃውም፣ ሽንት ቤቱም በውስጡ ያለበትን ትልቅ መኪና። እህቱ ከምትኖርበት ከጄኔቭ ተነስተን፣ ፈረንሳይን አቋርጠን እንሄዳለን።

"ከአባባ ጋር" አለ መጨረሻ ላይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አባባ የምንላቸው አማቴ ናቸው፣ የባሌ አባት። ሊጠይቁን ከኮምቦልቻ መጥተው ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ያለችው ጠባብ ቤታችን ውስጥ ሰንብተዋል። በዚያ ሰዓት መኝታ ቤት ውስጥ ዙሁር እየሰገዱ ነበር።

የባሌን ምኞት አውቀዋለሁ። አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። በየጊዜው ከኮምቦልቻ በባቲ አድርገው ወደ አፋር ቆላ ይወርዱ ነበር። እሱ ልጅ ሆኖ "እኔም ልሂድ" እያለ መኪናው ጎማ ስር ይቀመጣል፣ እሳቸው አንስተው ለእናቱ ያስረክቡታል። "ሙቀቱ ለልጅ አይሆንም" ይሉታል። ሲያድግ ደግሞ እሳቸው ንግዱን ተዉ፤ እሱም አገር ለቆ ወጣ። ይኸን ታሪክ ከተጋባን ጀምሮ ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። ስለዚህ በረሃውን ሲያሳየኝ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እኔ ግን ያየሁት በረሃውን አይደለም። ጣቱን ወደ ጎን ሲጎትት የመጣውን የመኪናውን የውስጥ ፎቶ ነው። ከኋላ ሰፊ አልጋ፣ ከሾፌሩ ወንበር በላይ ሌላ አልጋ፣ በመካከላቸው መጋረጃ። መጋረጃው ደግሞ ስስ ነው፣ አበባ የታተመበት።

እዚህ ላይ ስለራሴ ትንሽ መናገር አለብኝ። ያደግኩት ደሴ ነው። እናቴ አማቷ ፊት እህል የማትቀምስ፣ ሲመጡ ከተቀመጠችበት ብድግ የምትል ሴት ነበረች። እኔ እንደሷ አይደለሁም። ከአባባ ጋር በአንድ ማዕድ እበላለሁ፣ እስቃለሁ፣ ዜና አብረን እናያለን። ነገር ግን ሳላውቀው ከእናቴ የወረስኩት ነገር ነበር። አባባ ጋደም ብዬ አይተውኝ አያውቁም። ፀጉሬን አይተው አያውቁም። መኝታ ቤቱን ለሳቸው ለቅቀን እኛ ሳሎን፣ ተዘርግቶ አልጋ በሚሆነው ሶፋ ላይ ነበር የምንተኛው። እሳቸው ለሱብሂ ሳይነሱ ቀድሜ ተነስቼ፣ ሻሼን አስሬ፣ አንሶላውን አጣጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ እከታለሁ። እሳቸውም በሩን ከመክፈታቸው በፊት ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አንድም ቀን ሳይጠርጉ ከፍተው አያውቁም። ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም፤ እንዲሁ ተግባብተን ነበር የምንኖረው።

ሥራዬ ዲቲኮን፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው፤ የምገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ቤት ነኝ። አባባ ግን ጠዋት ቤት አይቀመጡም ነበር። ቁርስ እንኳ ሳይቀምሱ ካፖርታቸውን ደርበው ይወጣሉ፤ ክረምቱ ገና ሳይለቅ፣ በረዶና ዝናብ ተቀላቅሎ በሚወርድበት ጊዜ ሳይቀር። እግር ማፍታታት ይወዳሉ ብዬ አሰብኩ። ለጓደኞቼም "በዚህ ዕድሜያቸው እኮ አንድ ቀን ሳይራመዱ አይውሉም" እያልኩ አወራሁላቸው። ደመወዝ ስቀበል ሶሉ ወፍራም፣ ውሃ የማያስገባ የእግር ጉዞ ጫማ ገዛሁላቸው። ሲቀበሉኝ ጫማውን ገልበጥ አድርገው አዩና "አላህ ይስጥሽ ልጄ" አሉኝ።

ባሌ ዕቅዱን ከሳቸው ጋር ነው ያወጣው። ማታ ማታ የስፔንን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ፓርኩ ውስጥ ማደር ክልክል ነው፣ የሚታደረው ዳር ካለው ካምፒንግ ብቻ ነው። ቀን ቀን በእግር እንገባለን። ነፋስ ያለ እንደሆነ ከመኪናው ጣሪያ ሥር የሚዘረጋው ሸራ አይዘረጋም። ውሃ ከበቂ በላይ እንይዛለን። ባሌ የጋዝ ሲሊንደር አገጣጠም በቪዲዮ ይማራል፤ አባባ በሶ ከአገር ቢላክ ጥሩ ነበር ይላሉ።

"ግመል አለ?" ብለው ጠየቁት አንድ ቀን።

"የለም አባባ።"

"ግመል የሌለበት በረሃ ደግሞ ምን ዓይነት ነው?" አሉና ሁለቱም ሳቁ። ባሌን እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

እኔ ምድጃው ጋ ቆሜ ምክንያት እፈልግ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ አላገኝም አልኩት፤ አለቃዬ ግን ሳላስጨንቃት ፈቀደችልኝ። ሌላ ቀን ጊንጥ አለ አልኩት፤ መኪና ውስጥ ምን ሊያደርግ ይገባል አለኝ። ዋናውን ምክንያት ልነግረው ስሞክር ቃሉ አልመጣልኝም። "አባትህ ባሉበት ካንተ ጋር መጋረጃ ጀርባ መተኛት አልችልም፣ ሽንት ቤት ስገባ እሳቸው እየሰሙኝ መቀመጥ አልችልም" ማለት ነው። ይኸን ለባል መናገር ምን ያስቸግራል ይባል ይሆናል። እኔን ግን አስቸገረኝ። ነገሩን መናገሩ ከነገሩ አላነሰብኝም።

ካምፐሩን ያገኘችልን፣ ፎቶውንም የላከችልን የባሌ እህት ናት። ጄኔቭ፣ ፕላንፓሌ ነው የምትኖረው፤ ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ትሠራለች። የሥራ ባልደረባዋ ካምፐሩን ልታከራየን ተስማማችና አንድ እሑድ ልናየው በባቡር ሄድን። ባለቤትየዋ ሳቂታ ሴት ነበረች። መኪናውን ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ማቆሚያ ላይ ከፍታ ጠበቀችን። የባሌ እህት ፈረንሳይኛውን እየተረጎመች ተከታትለን ገባን።

አምስት ሰው ሲገባበት መዞሪያ የለውም። ፎቶው ዋሽቶን ነበር። ሴትየዋ መደርደሪያውን፣ ምድጃውን፣ ፍሪጁን አሳየችን። ከዚያ አንዲት ጠባብ በር ስትከፍት ሽንት ቤቱ ታየ። ከመመገቢያው ጠረጴዛ ክንድ ያህል አይርቅም። በሩ ከወረቀት ጥቂት የሚወፍር ነገር ነው። ሴትየዋ አጎንብሳ ከሥሩ ያለውን ሳጥን ሳበች፤ እየሞላ ሲሄድ አንድ ሰው አውጥቶ ካምፒንጉ ያዘጋጀው ቦታ ሄዶ መድፋት እንዳለበት እየሳቀች አስረዳች። የባሌ እህት ድምፅዋን ሳትቀንስ ቃል በቃል ተረጎመችው። እኔ ወለሉን አየሁ። አባባ በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር።

"አልጋውን ይሞክሩት!" አለች ሴትየዋ። ባሌ ረጅም ስለሆነ እግሩ ይበቃው እንደሆነ ለማየት ኋላ ያለው አልጋ ላይ ወጥቶ ተጋደመ። ከዚያ ሴትየዋ ወደ እኔ ዞራ በእጇ አልጋውን ቸብ ቸብ አደረገች። "ማዳም፣ እርስዎም! ለሁለት ይበቃ እንደሆነ ይዩት እንጂ!"

"ነይ" አለኝ ባሌ ከተኛበት።

አባባ ከኋላዬ ናቸው። "ይበቃናል" አልኩ። ሴትየዋ አልተወችኝም፤ ክንዴን ይዛ ገፋ አደረገችኝ። የአልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩና ወዲያው ተነሳሁ። ቀና ስል አባባ የሉም። ከመኪናው ወርደው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ጎማውን ጎንበስ ብለው ያያሉ። ጎማው ምንም አልነበረበትም።

ምሳ የባሌ እህት ቤት በላን። ባሌ ቀኑን ቆርጦ፣ ለሴትየዋ እሺ ሊላት ስልኩን አውጥቶ ነበር። ያኔ ነው የተናገርኩት። ሳላስበው፣ ጭንቀቱ ሲገፋኝ።

"ሙቀቱ ለአባባ አይሆንም" አልኩ። "ዕድሜያቸውን አስቡበት እንጂ። አንድ ነገር ቢሆኑብን በዚያ በረሃ ሐኪም ከየት እናመጣለን?"

ባሌ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አባባ ጉርሻቸውን ጨርሰው ሲውጡ ሁላችንም ጠበቅናቸው።

"ልክ ናት" አሉ። "እኔ ምን አቅም አለኝ። እናንተ ሂዱ፤ እኔ እዚሁ ከልጄ ጋር እቆያለሁ።" ከዚያ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ሳህኑን ገፋ አደረጉልኝ፤ "ብዪ እንጂ፣ ምንም አልበላሽ" አሉኝ። ያ ፈገግታ ነው የገደለኝ። አልፈለገችኝም ብለው መረዳታቸው ፊታቸው ላይ ይታያል፤ ሆኖም እንዳላፍር የሚጠነቀቁልኝ እሳቸው ነበሩ።

ወደ ዙሪክ የተመለስነው እኔና ባሌ ብቻ ነን። ባቡሩ ሐይቁን ይዞ ሲሄድ ባሌ በመስኮት ውጭውን ያያል። ሎዛን አለፍን፣ ፍሪቡርግን አለፍን፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በርን ከተማ ስንደርስ ከፊታችን የነበሩት ሰዎች ወረዱ። እሱ ይህን ይጠብቅ እንደነበረ ያኔ ገባኝ።

"አባቴን በሰው ፊት ሽማግሌ አደረግሽው" አለኝ።

"ለሳቸው ብዬ ነው።"

"ለሱ ብለሽ አይደለም። አብሮን እንዲሄድ አልፈለግሽም። እንደሱ በዪኝና ይለይልኝ።"

እውነቱ አፌ ላይ ነበር። መጋረጃው፣ በሩ፣ ሻሼ። ነገር ግን ባቡር ውስጥ፣ በዚያ ፊቱ፣ እንዴት ተብሎ ይጀመራል? ሁለት መጥፎ ነገር ቀረበልኝ፤ አንዱ የሚያሳፍር፣ አንዱ የሚያስጠላ። የሚያስጠላውን መረጥኩ።

"አዎ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ ተቆጥቶም አይመስልም። ዙሪክ እስክንደርስ ድረስ ዓይኑን ከመስኮቱ አላነሳም።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ሆኜ፣ የሻይ ዕረፍት ላይ፣ የባሌ እህት ደወለች። ወንድሟ ነግሯታል። መጋዘኑ ጀርባ፣ የጭነት መኪኖቹ የሚቆሙበት ጋ ወጥቼ አነሳሁት። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም።

"እውነት ነው? አባባ አብሯችሁ አይሄድም ብለሻል?"

"እንደሱ አይደለም።"

"ታዲያ እንዴት ነው? አስረጂኝ። ሌሊቱን እኮ አልተኛም። ከመጣ ጀምሮ ምን አስቀይሜያት ይሆን እያለ ነው የሚጠይቀኝ።"

ይህን ስሰማ ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም። "ለማንም እንዳትናገሪ" ብዬ ነገርኳት። ስለ መጋረጃው፣ ጎን ለጎን ስለ መተኛት፣ ስለዚያች በር። "እሳቸው ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው እኔ እዚያ ውስጥ እንዴት ብዬ ነው የምገባው? ብገባስ እንዴት ብዬ ነው የምወጣው? ምን ፊት ይዤ?"

ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ ወደ ሳል እስኪለወጥ ሳቀች። እኔም በመጨረሻ አንድ ሰው ሰማኝ ብዬ ትንሽ ሲቀለኝ፣ ስልኩን ከአፏ አርቃ ስትጮህ ሰማሁ፦

"አባባ! እሷ እኮ የፈራችው አንተን አይደለም! ሽንት ቤቱን ነው!"

ቤት ውስጥ ነበሩ። ለካ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋው ኖሯል፤ እያንዳንዱን ቃል ሰምተዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልዘጋው ጣቴን ሳነሳ የአባባን ጉሮሮ ሰማሁ። እንደ ጠዋቱ ጠረጉት።

"ልጄ" አሉኝ።

"አቤት አባባ።"

"እኔስ በየጠዋቱ ባቡር ጣቢያ የምመላለሰው ለምን መሰለሽ?"

አልገባኝም። "ለእግር ጉዞ ነዋ" አልኩ።

"የምን እግር ጉዞ አመጣሽብኝ! ያ የቤታችሁ ሽንት ቤት በሩ ከምድጃሽ ፊት ለፊት ነው። አንቺ ቁርስ ስትሠሪ እኔ እንዴት ብዬ ልግባ? ጣቢያው ጋ ደህና ሽንት ቤት አለ፣ የሚያውቀኝም የለም። እዚያ ደርሼ እመለስ ነበር።" ቀጠሉና "ጫማውን ስትገዢልኝማ ጭራሽ ባሰ፤ በዝናቡም ቀን አለመሄድ አልቻልኩም" አሉ።

የባሌ እህት ከጀርባ "ያረቢ!" እያለች ስትንከተከት ይሰማኛል። እሳቸውም ሳቅ ጀመራቸው። እኔ ግን ከጭነት መኪኖቹ መካከል ቆሜ አለቀስኩ። አለቃዬ ወጥታ ምን ሆንሽ ስትለኝ ምን ብዬ እንደምነግራት አላወቅኩም።

መጀመሪያ ያፈርኩት እሳቸው ስለሰሙኝ ነው። ያ ግን ቶሎ ለቀቀኝ። የቆየው ሌላኛው ነው። አንድ ጠዋት ጉንፋን ጠንቶባቸው፣ ትኩሳት እያላቸው ካፖርታቸውን ሲደርቡ "ዛሬ እንኳ ይረፉ" ብዬ በሩ ላይ ቆሜባቸው ነበር። "ትንሽ ነፋስ ልቀበል" ብለው በጎኔ አለፉ፤ ሲመለሱ ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። እኔ ደግሞ የዚያኑ ዕለት ለጓደኛዬ በስልክ "ጉንፋንም አያስቀራቸው፣ ምን ዓይነት ጠንካራ ሰው ናቸው!" ብዬ አወራሁ። በሽተኛ ሽማግሌ ቤቴ ውስጥ ሽንት ቤት አጥቶ ሲንከራተት እያየሁ አሞገስኩት። ይኸ ትዝ ባለኝ ቁጥር፣ ሥራ ላይም ሆነ አውቶቡስ ውስጥ፣ ብቻዬን ፊቴን እሸፍናለሁ።

ማታ ቤት ስደርስ ባሌ ሰምቶ ነበር። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም። "ይኼን ለእኔ መንገር አቃተሽ?" ብቻ አለኝ። ሻሼን ፈትቼ ማሰር ያዝኩ፤ ያለ ምክንያት።

አባባ ከጄኔቭ ሲመለሱ ስለ ጉዳዩ ማንም አላነሳም። እኔ ግን ከዚያ ጀምሮ እሳቸው ሲነሱ ዳቦ ልግዛ ብዬ ከቤት እወጣለሁ፤ በደንብ ቆይቼ፣ ቁልፍ ይዤ ሳለሁ ደወል ደውዬ እገባለሁ። ስገባ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ቴሌቪዥን እያዩ አገኛቸዋለሁ። "ዳቦው ሩቅ ነው?" ይሉኛል። "ሰልፍ ነበረ" እላቸዋለሁ። ሁለታችንም ወደ ቴሌቪዥኑ እናያለን።

ዕቅዱም ተለወጠ። የባሌ እህት ፈቃድ ወስዳ አብራን ልትሄድ ሆነ። ካምፒንጉ ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ያከራያል፤ እኔና እሷ እዚያ እናድራለን፣ አባትና ልጅ ካምፐሩ ውስጥ። መንገድ ላይም ማታ ማታ እኛ ርካሽ ሆቴል እንይዛለን። ባሌ ይኸን ሁሉ በጥንቃቄ አስተካከለ፤ በየቦታው የሴቶች ክፍል መኖሩን ስልክ እየደወለ አረጋገጠ። ከእኔ ጋር ግን የሚያወራው ስለ መንገዱ ብቻ ነበር።

ሄድን። በረሃው ከስልኩ ፎቶ ይልቅ ዝምታው ይበዛል። ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ አባትና ልጅ በደረቀው ወንዝ ውስጥ ይገባሉ። አባባ ፊት ፊት፣ ባሌ ከኋላ፣ እንደ ልጅ እጁን ኪሱ ከትቶ። ምን እንደሚያወሩ አንሰማም። አልፎ አልፎ አባባ ቆመው በእጃቸው ወደ ኮረብታ ያሳዩታል፤ ባሌ እሳቸው የሚያሳዩትን ሳይሆን እሳቸውን ያያል። የባሌ እህት "ይኼን ልታስቀሪ ነበር አይደል?" አለችኝ። ለቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ባሌና እኔ የካምፒንጉ የጋራ ማጠቢያ ላይ ድስት እናጥባለን። እኔ አጥባለሁ፣ እሱ ያደርቃል። በዙሪያችን ሰው አልነበረም።

"ባቡሩ ላይ ለምን አዎ አልሽኝ?" አለኝ ድንገት።

"ከእውነቱ ቀለለኝ።"

ሳህኑን አድርቆ ጨርሶ እንደገና ማድረቅ ጀመረ። "እኔ ደግሞ አመንኩሽ" አለ። "ስንት ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ፣ አባቴ ሲመጣ መኝታ ቤትሽን ለቀሽ። አዎ ስትዪኝ ግን ወዲያው አመንኩ። ይሆን ወይ ብዬ እንኳ ቆም አላልኩም። ሰሞኑን ስሸሽሽ ተቆጥቼ እንዳይመስልሽ። ፊትሽን ማየት አፍሬ ነው።"

የሚያጽናና ነገር ልለው ፈልጌ ነበር። ግን እኔ ራሴ ያን ያህል አሳማኝ ሆኜ እንደተናገርኩ ሳስብ ጥፋቱን የምካፈለው እንጂ የማነሳለት መስሎ አልታየኝም። እጄን ከሳሙናው አውጥቼ ክንዱን ያዝኩት። አልሸሸም። ውሃው እየፈሰሰ ነበር፤ እሱ ዘጋው። በረሃ ነውና ውሃ አይባክንም ብለው ከቧንቧው በላይ ጽፈዋል።

ዕቃውን በሁለት ከፍለን ይዘን ወደ ካምፐሩ ሄድን። አባባ ውጭ፣ የሚታጠፈው ወንበር ላይ ተቀምጠው ከሴት ልጃቸው ጋር ስለ ነገው መንገድ ይከራከሩ ነበር።